በጆሮ የተማርኩት ብየዳ

ብየዳ የተማርኩት በጆሮዬ ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ ይሳቅ። ያስተማረኝ ባሌ ዓይኑ አያይም ነበር፣ እኔም ከዚያ በፊት ከሳምቡሳ መጥበሻ በቀር ትኩስ ብረት ነክቼ አላውቅም። ጅጅጋ መናኸሪያው አጠገብ ሳምቡሳ እየጠበስኩ እሸጥ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ያውቀኛል፤ የሚያውቀኝም በሳምቡሳው ብቻ ሳይሆን በምላሴ ነው። «ምነው ዛሬ አሳነስሽው?» ያለኝን ሁሉ ልክ ልኩን ነግሬ ነበር የምሸኘው። ያ ምላስ አሁን የት እንደገባ እንጃ።

ባሌ ወታደር ነበር፤ ከወሎ መጥቶ በጦሩ ጋራዥ ውስጥ ብየዳ የለመደ ሰው። መንግሥት ተለውጦ ጦሩ ሲበተን ጓደኞቹ ጨርቄን ማቄን ሳይሉ ወደየአገራቸው ገቡ፣ እሱ ግን ጅጅጋ ቀረ። «ሳምቡሳሽ ነው ያስቀረኝ፣ አንቺማ ማን ሊቀመጥልሽ» ይለኝ ነበር ሊያናድደኝ ሲፈልግ። እግዜር ልጅ አልሰጠንም። ግቢ ግን ሰጠን፤ በቆርቆሮ የታጠረ፣ ነፋስ በተነሳ ቁጥር የሚንቀጫቀጭ፣ አቧራው ከቤት የማይጠፋ ግቢ። እዚያው ውስጥ አንድ ሽቦው በሰው እጅ የተጠቀለለ የብየዳ ማሽን አስገብቶ ሥራ ጀመረ። በር ይሠራል፣ መስኮት ይሠራል፣ የጋሪ እግር ይጠግናል። ወደ ደምበል በሚወስደው መንገድ ላይ የተሰበረ መኪናም፣ ከደገሀቡር በገመድ እየተጎተተ የመጣውም እሱ ጋ ነበር የሚያርፈው።

የብየዳ ማስክ ነበረው። ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፤ አንድ ሰሞን ዶሮዬ እንቁላል ጥላበታለች። በሰፈራችን በያጆች ዘንድ ማስክ የሚያደርግ ሰው ገና ያልለመደ ነው። የለመደው እሳቱን ሲያስነሳ አንገቱን ዞር ያደርጋል፣ ከዚያ ከድንበር፣ ከዋጃሌ በመጣ ጥቁር መነጽር ዓይኑን አጥብቦ ይሠራል። አንዳንዱ መነጽሩንም አያደርግ። እኔ ብጮህም ባሌ አይሰማኝም። «እጄ እንጂ ዓይኔ አይደለም የሚበይደው» ይለኝና ይስቃል።

ሲመሽ ግን ሳቁ ያበቃል። ዓይኑ ውስጥ አሸዋ እንደተደፋበት ሰው ግድግዳ እየደገፈ ይገባል፣ እንባው ይወርዳል፣ ፋኖስ እንኳ አታብሩ ይላል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ የግመል ወተት ነው። ጎረቤቴ፣ ደግ የሶማሌ ሴት፣ ከዘመዶቿ የመጣላትን ወተት በኩባያ ይዛ ትመጣና «አባዮ፣ እህቴ፣ አስተኚው፣ እኔ እጨምርለታለሁ» ትለኛለች። ጠብ፣ ጠብ ታደርግለታለች። ወተቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ያሳርፈዋል። ለዓመታት እንዲህ ነበር የኖርነው፤ ቀን እሳት፣ ማታ ወተት። በያጁ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ማንም ክፉ አላሰበም።

መጀመሪያ አንደኛው ዓይኑ ላይ ነጭ ነገር ወጣ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። ሊደብቀኝ ሞከረ። አንድ ቀን የዘረጋሁለትን ሳህን ትቶ አየር ሲጨብጥ አየሁት፣ እጄ ላይ ያለው ሳህን ከበደኝ። በማግስቱ ሐረር ይዤው ሄድኩ።

ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ትሑት ልጅ። መብራቱን ዓይኑ ላይ አብርቶ ብዙ ካየ በኋላ «ሲያምዎት ምን ያደርጉበት ነበር?» አለው። ባሌ በኩራት «የግመል ወተት» አለ። ዶክተሩ መብራቱን አጠፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳን። እሳቱ የዓይኑን መስታወት ይልጠዋል፣ ወተቱ በተላጠው ላይ ቁስል ይጨምርበታል፣ ቁስሉ በዳነ ቁጥር ጠባሳ ይተዋል። «አዲስ አበባ ላይ፣ የሞተ ሰው የለገሰውን የዓይን መስታወት ወስደው ይቀይራሉ። ተራ እንዲያዝላችሁ አደርጋለሁ፣ ሲደርስ ይደወልላችኋል። ዋናው ነገር፣ እስከዚያ ድረስ ብርሃን ማየት አለበት። አሁን ያያል፣ ጥሩ ነው። ብርሃኑ ራሱ ከጠፋ ግን ውስጡም ሄዷል ማለት ነው። መስታወት ቢቀየር አይጠቅመውም» አለን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለታችንም ሕይወት በዚያች ብርሃን ላይ ተንጠለጠለች። ሌላውን ነገር ሁሉ ረሳሁት። ጠዋት ገና ዓይኑን ሲገልጥ በሩን ወለል አድርጌ እከፍትና «አየህ?» እለዋለሁ። «ጉም ጉም ይላል» ይለኛል። እሰይ፣ ጉም ይበቃናል እላለሁ በልቤ።

ችግሩ የሐጂ መኪና ነበር። ሐጂ የምንላቸው የቱሊ ጉሌድ ነጋዴ ናቸው፤ ከብት የሚጭኑበትን አሮጌ አይሱዙ፣ ካሶኒው ማለትም የጭነት ሳጥኑ በስብሶባቸው፣ አዲስ ካሶኒ እንዲሠራላቸው ግቢያችን አቁመውት ነበር። ላሜራው ተገዝቷል፣ አንጎላሬው፣ የማዕዘን ብረቱ፣ ተቆርጧል፣ ባሌ ግን የበየደው ጥቂት ነው። ለአዲስ አበባው መንገድና ለሕክምናው ተስፋ ያደረግነው ያንን ሥራ ነው። ሥራውን መልሱ ቢሉን ደግሞ ባሌ ከዚያ በኋላ በያጅ አይባልም። እንዲህ ስንጨነቅ ሰንብተን አንድ ቀን ምሳ ላይ «አንቺ ትበይጂዋለሽ» አለኝ።

«እብድ ነህ?»

«ለምን እብድ እሆናለሁ? እጅ አለሽ፣ ዓይን አለሽ።»

«አንተም ነበረህ!» አልኩት። እንደወጣብኝ ቆጨኝ። እሱ ግን ሳቀ፤ የዚያን ጊዜ ገና ይስቅ ነበር።

በሩን ዘግተን ጀመርን። ማስኩን ከምስማሩ አውርጄ የዶሮዋን ላባ አራግፌ አጠለቅኩት። መጀመሪያ ኤሌክትሮዱ፣ የሚቀልጠው የብየዳ ዘንግ፣ ብረቱ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ። ማሽኑ ያጉረመርማል፣ እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ «ንቀይው! ሰብረሽ ንቀይው!» ይለኛል። ስንቴ መያዣውን ወርውሬ ቤት ገብቻለሁ። ገብቼ ሳለቅስ እሱ ከውጭ «ሳምቡሳሽ አረረ?» ይለኛል፣ ንድድ ብዬ ተመልሼ እወጣለሁ። ተንኮለኛ ነው፣ እንዴት እንደሚመልሰኝ ያውቃል።

በኋላ ግን እውነትም በሳምቡሳ አስተማረኝ። «ዘይቱ ሳይግል ስትጨምሪ ምን ይላል?» አለኝ።

«ምንም አይልም፤ ጭጭ።»

«ሲነድብሽስ?»

«ይተፋል፣ ይንጫጫል።»

«ደህና ሲሆንስ?»

ደህና የጋለ ዘይት ድምፅማ እንቅልፌም ላይ አውቀዋለሁ፤ ችስ እያለ፣ ሳይቋረጥ፣ ሳይቸኩል። «እሷን ድምፅ ፈልጊ። ኤሌክትሮዱን በጣም ካስጠጋሽው ይታፈናል፣ ካራቅሽው ይተፋል። መሃል ላይ የምትጠበሰዋን ካገኘሽ እጅሽን እዚያው ያዢ» አለኝ። ግቢው ጥግ በተገለበጠ በርሜል ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጥና ጭንቅላቱን አዘንብሎ ያዳምጠኛል። «ራቀ... አሁን ታፈነ... እዚያ ላይ ነሽ፣ ያዢው፣ ያዢው።» ሥራዬ ሲቀዘቅዝ ቅርፊቱን በመዶሻ አራግፌ እጁን ይዤ አስነካዋለሁ። በአውራ ጣቱ ከዳር እስከ ዳር ይዳብሰዋል። «እዚህ ጋ ተቅበጥብጠሻል» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ እዚያ ጋ ዝንብ አርፋብኝ ነበር።

ላሜራውን የበሳሁትን ያህል ወንፊት ይወጣዋል። አንዱን ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ በይጄ ጨርሼ ስኮራ፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ጎኑ ሁሉ ተጠማዞ ቁጭ አለ። ለካ ከዚህ ትንሽ፣ ከዚያ ማዶ ትንሽ እያሉ ነው የሚሄዱት፤ እሳቱ አንድ ቦታ እንዳይጠራቀም። እንደገና ቆርጠን እንደገና ጀመርን። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ሲመጣም ደክሞ ይመጣና ኤሌክትሮዱ አይቀልጥልኝም። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቆ ነግሮኝ ነበር። «ታች ያለውን ነገር ቆመሽ አጎንብሰሽ እንዳትበይጂ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ቁጢጥ በዪ፣ ክርንሽን ጉልበትሽ ላይ አሳርፊው።» ቁጢጥ ስል ጉልበቴ ቋ ይላል፣ እሱም «አሮጊቷ ተቀመጠች» ይለኛል።

ሐጂ አንድ ቀን ሳይነግሩን በሩን ገፍተው ገቡ። ማስኩን ቀና ሳደርግ ፊት ለፊታቸው ነኝ። እሳቸው እኔን አዩ፣ በርሜሉ ላይ የተቀመጠውን ባሌን አዩ፣ ዓይኖቹንም አዩ። መዶሻውን አንስተው የበየድኩትን መጋጠሚያ አንድ ሁለቴ በኃይል መቱት፤ ምንም አልሆነም። «ወላሂ፣ መኪናዬን ሴት እየሠራችው ነው» አሉና ከልባቸው ሳቁ። ሲወጡ ግን ወደ እኔ ጠጋ ብለው «እህቴ፣ አይዞሽ፤ እኔ ምንም አላየሁም። ሲያልቅ በዚሁ መኪና አዲስ አበባ አደርሳችኋለሁ» አሉኝ። ለማንም አልተናገሩም።

ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታ ያየሁባት የመጨረሻዋ ቀን ትመስለኛለች።

ምክንያቱም ባሌ እሳቱን ማየት ጀመረ። አንድ ቀን ልክ ሳስነሳው በርሜሉ ላይ ብድግ አለና «አየሁት!» አለ። «ሰማያዊ ነው! አጥፊው እስቲ። ጠፋ። አብሪው። በራ!» እንደ ልጅ ያጨበጭባል። እኔም ማስኩን እንዳጠለቅኩ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ግን ልማድ አደረገው። በየቀኑ ሥራ ከመጀመሬ በፊት «መጀመሪያ ለእኔ» ይለኛል። ዓይኖቹን ወለል አድርጎ፣ ያለ መነጽር፣ ያለ ምንም፣ ወደ እሳቱ ይዞራል። አበራለሁ፣ አጠፋለሁ፣ እሱ «በራ፣ ጠፋ» ይላል። ሳይሳሳት ሲቀር ቀኑን ሙሉ ደህና ሰው ሆኖ ይውላል።

እኔ ግን እየተቃጠልኩ ነበር። «ያጠፋህ እሳት እኮ ነው! ያው እሳት!» አልኩት አንድ ቀን፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

«ታዲያ በምን ልወቅ?»

«በፀሐይ እወቅ! ሰው ሁሉ በፀሐይ አይደል እንዴ የሚያየው?»

«ፀሐይዋማ ጠዋትም ጉም ናት፣ ማታም ጉም ናት። በእውነት ኖራ ይሁን እኔ በሐሳቤ ፈጥሬያት፣ አላውቅም። ይሄ ግን ሲበራ በራ፣ ሲጠፋ ጠፋ ነው። አንቺ ዓይን ያለሽ ሰው አይገባሽም» አለኝ። ድምፁ ሲሰበር ሰማሁት። በመሃላችን የላሜራ ቁራጭ ብገትር በርሜሉን እያንከባለለ ዞሮ ይቀመጣል። መነጽር ባደርግለት አውልቆ ይጥለዋል። አላበራም ብዬ ሥራ አቆምኩ፤ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ካሶኒው ካላለቀ ሕክምና የለም፣ ካሶኒው እንዲያልቅ እሳቱ መንደድ አለበት፣ እሳቱ በነደደ ቁጥር ያ ሰው ዓይኑን ገልጦ ይጠብቀኛል። እግዜር ይህን ያህል ምን አድርገነው ነው እል ነበር። አሁንም እላለሁ።

ቀስ በቀስ «በራ» የሚለው መዘግየት ጀመረ። እሳቱን አስነስቼ እጠብቃለሁ፣ ይቆይና «በራ» ይላል። አንዳንዴ ድምፁን ሰምቶ መሰለኝ የሚለው። ልጠይቀው አልደፈርኩም። እሳቱ ይሁን በሽታው፣ ማን ያውቃል? እኔ የማውቀው ጠዋት በር ስከፍት «አየህ?» ማለቱን መተዌን ነው። መልሱን ፈራሁት።

ስልኩ የተደወለው ካሶኒው ሊያልቅ የኋላ በሩ ብቻ ሲቀረው ነው። ጎረቤቴ ሞባይሏን ይዛ እየሮጠች መጣች፣ የሐረሩ ዶክተር ነበር። ተራችሁ ደርሷል፣ ሰኞ አዲስ አበባ ሁኑ አለኝ። ጎረቤቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ባሌ እኔን ፈልጎ እጁን ዘረጋ፣ ትከሻዬን አገኘና ያዘኝ፣ ለረጅም ጊዜ አለቀቀኝም። «ፊትሽን ረስቼዋለሁ፣ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «አስቀያሚ ነው፣ አትቸኩል» አልኩት። እንዲህ ሳቅን።

በማግስቱ የቀረውን ለመጨረስ ተነሳሁ። የኋላ በሩ ታችኛው ማጠፊያ ብቻ ነበር የቀረኝ። ባሌ ታጥቦ፣ የመንገድ ልብሱን ለብሶ በርሜሉ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ግቢው ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም የለም፤ በሩን ራሴ ነኝ የቀረቀርኩት። «መጀመሪያ ለእኔ» አለ እንደ ልማዱ። ዛሬስ ይሁንለት አልኩ፣ አንድ ቀን ነው የቀረው።

አስነሳሁት። ድምፁ ያማረ ነበር፣ ችስ እያለ ሳይቋረጥ። ባሌ አንገቱን ወደ ቀኝ ዘመም አደረገ፣ ወደ ግራ ዘመም አደረገ። ከዚያ ቆጣ ብሎ፣

«ማነው ከፊቴ የቆመው?» አለ።

ማንም አልቆመም። በእሱና በእሳቱ መሃል አየር ብቻ ነው ያለው። እሳቱ ግድግዳውን አብርቶታል፣ ፊቱን አብርቶታል፣ የተገለጡት ዓይኖቹ ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ሲነድ ይታየኛል።

«ዞር በሉ እንጂ፣ ከለላችሁኝ» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ቆሜብህ ነው። ቆይ ልዙርልህ።»

የተነሳሁ እንዲመስል እግሬን መሬት ላይ አንሸራተትኩ። እንደገና አስነሳሁት። ጠበቅሁ። «በራ» እንዲለኝ ስለቴን ሁሉ ተሳልኩ። ኤሌክትሮዱ እያጠረ እያጠረ እጄ ድረስ መጣ። ባሌ ጭንቅላቱን አዘንብሎ ሲያዳምጥ ቆየና «ጥሩ ነው» አለኝ። «ድምፁ ጥሩ ነው።» ስለ ብርሃኑ ምንም አላለም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ማስኬን ሳላወልቅ ማጠፊያውን ጨረስኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

በነጋታው ማለዳ ሐጂ ራሳቸው ሊነዱ መጡ። ካሶኒውን ዞረው አዩት፣ በሩን ከፍተው ዘጉት፣ «ማሻአላህ» አሉ። ጎረቤቴ የመንገድ ወተት አምጥታ «ለዓይኑ አይደለም፣ ለሆዱ ነው» አለችኝ እያለቀሰች። ባሌን መሃል አስቀምጠን ሦስታችን ጋቢና ውስጥ ገባን። መንገድ ላይ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም እንደዚያን ቀን። ሲያይ መጀመሪያ ምን እንደሚሠራ፣ ማስክ እንደሚገዛ፣ ሁለት ማስክ፣ አንዱ ለእሷ ይላል ወደ እኔ እየጠቆመ። ሐጂ «ኢንሻአላህ፣ ኢንሻአላህ» ይላሉ። እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

ካራማራ ኬላው ጋ ደርሰን ሐጂ ከፈታሾቹ ጋር ሊነጋገሩ ወረዱ። በሩ እንደተዘጋ ባሌ ወሬውን አቆመ። ቀስ ብሎ፣

«ትናንት ቆሜብህ ነው አልሽኝ» አለኝ።

ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

«ማጠፊያው ታች ነው። ቁጢጥ ብለሽ ነው የበየድሽው። ጉልበትሽ ሲንቋቋ ሰምቻለሁ፣ ‹እኔ ነኝ› ስትዪኝም ድምፅሽ የመጣው ከታች ነው። በርሜል ላይ የተቀመጠን ሰው ቁጢጥ ያለ ሰው አይከልለውም።»

እጁን ፈልጌ ያዝኩት፤ አውራ ጣቱ እንደ ልማዱ መዳፌን ከዳር እስከ ዳር ዳበሰው። እንመለስ ወይ አልኩት። «ሐጂ ለእኛ ብለው ይህን ያህል መንገድ...» አለና ቀረ። ከዚያ «እንሂድ ብቻ። እስክንደርስ ድረስ ምንም አትበዪ» አለኝ።

ሐጂ ተመልሰው ገቡና ሞተሩን አስነሱ። ከካራማራ ወዲያ መንገዱ ያን ጊዜ ጉድጓድ ብቻ ነበር። መኪናው ይዘላል፣ ይነጥራል፤ ከኋላ ያለው ካሶኒ ግን አንዴም አልተንኳኳም። ባሌ እስከ ሐረር ድረስ ጭንቅላቱን አዘንብሎ እሱን ሲያዳምጥ ሄደ።